ዊንዶው ላስቀይር ወይስ ባለበት ይቆይ?

"ዊንዶው 10 አበቃለት አሉ፣ ምን ይሻለኛል?" ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር የሚነካካ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን የለም። ጠያቂው ግን ብዙ ጊዜ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ወይ ዊንዶው 11 ካልተጫነልኝ ብሎ ይሟገታል፣ ወይ የድሮውን ዊንዶው 7 የሚያህል የለም ብሎ ድርቅ ይላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ማሽኑ በቀን ምን ሲሰራ እንደሚውል ነው። የማን ፍላሽ ይሰካበታል? ኔት ይገባበታል? ቢጠፋ የሚያስለቅሳችሁ ፋይል አለው? ይህ ሳይታወቅ ለመቀየር ምን ያስሮጣል?

መጀመሪያ "አበቃ" በሚለው እንግባባ። ኮምፒውተሩ አይቆምም። ጠዋት ስታበሩት ይነሳል፣ ወርድ ይከፈታል፣ ፕሪንተሩም ያትማል። የሚቆመው ማይክሮሶፍት በየወሩ የሚልከው የደህንነት ማሻሻያ ነው፤ አዲስ ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍንላችሁ የለም ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ኤክስፒ መጋቢት 30 ቀን 2006፣ ሰባት ጥር 5 ቀን 2012፣ 8.1 ጥር 2 ቀን 2015፣ አስር ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው የቆመላቸው።

ባይደፈን ምን ይመጣል ለሚል ሰው ግንቦት 2009 ላይ ዓለምን ያመሰውን ዋናክራይ ማስታወስ ይበቃል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነበር፤ ያውም ማንም ምንም ሳይጫን በኔትወርክ ከማሽን ወደ ማሽን የሚዘል። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን የለቀቀው ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። አብዛኞቹ የተጠቁት ሰባት ላይ የነበሩ፣ ማሻሻያውን "ነገ" ሲሉ የከረሙ ማሽኖች ናቸው። ያኔ መድፈኛው ነበረ። ዛሬ ሰባት ላይ ላለ ሰው እሱም የለም።

"የእኔ ኮምፒውተር እኮ ኔት የለውም" የሚል መከራከሪያ አለ፣ በተለይ ከጽሕፈት ቤትና ከፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶች። እሺ፣ ፍላሽስ? ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ሰኔ ላይ ቁሙና እዩ። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ተሰልፏል። አንዱ ይሰካል፣ ይታተምለታል፣ ይነቅላል፤ ሌላው ይሰካል። ከዚያ የአንዱ ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አብቅለው ይታያሉ። ሾርትከት ሆነዋል። ልጁ "ፋይሌ ጠፋ" ብሎ ላብ ያጠምቀዋል፣ ባለቤቱ ደግሞ ይከፈት እንደሆነ ብሎ ሾርትከቱን ደጋግሞ ይጫነዋል፣ በተጫነው ቁጥር ቫይረሱን እያስነሳው እንደሆነ አያውቅም። ከዚያ በኋላ የተሰካ ፍላሽ ሁሉ ያንኑ ተሸክሞ ወደ ዶርም፣ ከዶርም ወደ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፕ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል።

በነገራችን ላይ ፋይሉ ብዙ ጊዜ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። ፍላሹ በተከፈተበት መስኮት ላይ ቪው ውስጥ ገብታችሁ ሂድን አይተምስ የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ካልታየ ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሱ፣ ይወጣል። ሾርትከቱን ብቻ አትንኩት።

እንግዲህ እንዲህ ያለ የብዙ ሰው ፍላሽ የሚገባበት ማሽን ሰባት ላይ ከሆነ ይቀየር። ለዚህ አላመነታም። ባንክና ኢሜይል የሚከፈትበትም እንደዚያው። የሰባት ተጠቃሚዎች ክሮም ማሻሻያ ያቆመላቸው እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ነው፤ 109ኛው እትም ላይ ቀርተዋል። ድረ ገጽ አልከፍት ሲል "ኔቱ ነው" እየተባለ ኔቱ የሚታማው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ባለበት ይቆይ የምለው ማሽንም አለ። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ አንድ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ፣ የአንድ ሰው እጅ ብቻ የሚነካው፣ የድሮ የሒሳብ ፕሮግራም ተጭኖበት ዓመቱን ሙሉ ደረሰኝ ሲመዘግብ የሚውል ኮምፒውተር። ኔት አያውቅም፣ የእንግዳ ፍላሽ አያውቅም። እሱን ዘመናዊ ላድርግህ ብሎ መነካካት ችግር መግዛት ነው። ይቆይ፣ ግን የቆየበት ምክንያት ይከበር። አንድ ቀን "ለአምስት ደቂቃ" ተብሎ ከስልክ ኔት ከተገናኘ፣ ወይም የጎረቤት ልጅ ፊልም ሊያይበት ፍላሽ ከሰካ፣ ስሌቱ ይቀየራል። ዳታው ደግሞ ለእሱ ብቻ በተለየ ፍላሽ በየሳምንቱ ይገልበጥ። ዊንዶው ተቀየረም አልተቀየረም ሃርድ ዲስክ አንድ ቀን ይሞታል።

አሁን ማሽኑ ራሱ ይችላል ወይ የሚለው። ይህን ለማወቅ ሰው ጋ መውሰድ አያስፈልግም። ማይ ኮምፒውተርን፣ በአዲሶቹ ዚስ ፒሲ የሚለውን፣ በቀኝ ተጫኑና ፕሮፐርቲስ በሉ። ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት ተመልከቱ። ቁም ነገሩ ኮር አይ 5 ወይም አይ 7 ከሚለው በኋላ፣ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። 3320 ካለ 3ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ነው፣ 6300 ካለ 6ኛ፣ 8250 ካለ 8ኛ፣ 10210 ካለ 10ኛ። 1135 ካለ ደግሞ 11ኛ ነው፣ አንደኛ መስሏችሁ እንዳትደነግጡ።

ዊንዶው 11 በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከ8ኛ ጄኔሬሽን፣ በኤኤምዲ ከራይዘን 2000 ወዲህ ያለውን ነው በይፋ የሚቀበለው። ከዚያ ላይ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታ፣ ሴኪዩር ቡት፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። 32 ቢት የሆነ ዊንዶው 11 የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ እኛ ጋ በየቤቱ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ዴል ኢ6430ም በሉት ኤሊትቡክ 840 ጂ1፣ 3ኛና 4ኛ ጄኔሬሽን ስለሆነ አያልፍም። ያው ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ሆኖ 8ኛ ጄኔሬሽን ከሆነ ያልፋል፣ 8ኛ ጄኔሬሽን የሆነ ቲንክፓድ ቲ480ም ያልፋል። ባሕር ዳር ሄዳችሁ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ "ኮር አይ 7 እኮ ነው" ሲላችሁ "ስንተኛ ጄኔሬሽን?" በሉት። 4ኛ ጄኔሬሽን አይ 7 አያልፍም፣ 8ኛ ጄኔሬሽን አይ 3 ያልፋል። ብዙ ሰው በዚህ ተሸውዷል።

ማይክሮሶፍት ለዚሁ የሚሰጠው ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ጄኔሬሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ አያልፍም ካላችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፣ ቲፒኤሙ ባዮስ (ከዊንዶው በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። በኢንቴል ማሽን ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም የሚል ስም ይዞ ታገኙታላችሁ። ማብራት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብር የሚባክነው እዚህ ነው። "ኮምፒውተሬ ይንቀራፈፋል፣ ስታክ ያደርጋል፣ ዊንዶው ይቀየርልኝ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ዊንዶው አይደለም። ሃርድ ዲስኩ ነው። የሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ ላይ ዊንዶው 10ም ሆነ 11 መጫን በዘመመ ጎጆ ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ነው። ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ዲስክ የሚለውን እዩ። ምንም ሳትሰሩ 100 ፐርሰንት ላይ ተተክሎ ከዋለ ነገሩ ታወቀ። በኤስኤስዲ፣ ማለትም በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ አስቀይሩት። አብዛኛው የድሮ ላፕቶፕ ሁለት ተኩል ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ይቀበላል፣ ሥራውም ጥቂት ብሎን መፍታት ነው። ራሙ 4 ከሆነ 8 አድርጉት። ከዚህ በኋላ ያው አሮጌ 4ኛ ጄኔሬሽን ማሽን ሌላ ይሆናል፣ ሰዉ "አዲስ ገዛህ እንዴ?" ይለዋል። እኔ ብር አንድ ቦታ ብቻ ማውጣት ቢኖርብኝ ኤስኤስዲ ላይ ነው የማወጣው።

ቀጥሎ ፕሮግራሞቹ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፣ የሚያስታውሳቸውም ዊንዶው ከተቀየረ በኋላ ነው።

የሒሳብ ባለሙያዎች፣ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም። አሁንም ድረስ የድሮውን እትም የሚጠቀም መስሪያ ቤት ሞልቷል፣ እሱ ደግሞ የተሰራው ከዊንዶው 10 በፊት ለነበረው ዊንዶው ነው። አዲሱ ላይ አንዳንዱ ጋ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ጋ ሲጫን ይገግማል። ስለዚህ ዋናውን ማሽን ከመንካታችሁ በፊት ሌላ ማሽን ላይ ሞክሩት። ከዚያ በፊት ደግሞ ፒችትሪ ውስጥ ራሱ ፋይል የሚለው ጋ ገብታችሁ ባክአፕ አውጡ፤ መጨረሻው ፒቲቢ የሚል ፋይል ይሰጣችኋል። እሱን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። የካምፓኒውን ፎልደር ብቻ ኮፒ አድርጎ "ያዝኩት" ማለት አያስተማምንም። መጫኛው ሲዲም ሆነ ቁልፉ በእጃችሁ ካለ እሰየው፣ ከሌለ ፎርማት (ዲስኩን አጥፍቶ ከዜሮ መጫን) የሚባለውን ቃል ገና አታንሱ።

አማርኛ የምትጽፉ ደግሞ፣ ፎንት። ከዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ማሽን ከሚጋራው የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩት ፎንቶች፣ በግዕዝ-1 ወይም በቪጂ2 ሜይን ዓይነት የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚመጣው። የቤተ ክርስቲያን ቃለ ጉባኤ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የድሮ ፈተና፣ ብዙው በዚህ ነው ያለው። ከፎርማት በፊት ሲ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርጉ። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ፓወር ግዕዝ ከሆነ የምትጠቀሙት መጫኛውን ያዙ። በኒያላ የተጻፈ ነገር ካላችሁም መልኩ ቢለወጥባችሁ አትደንግጡ፣ ከዊንዶው 10 ጀምሮ ኒያላ ሁልጊዜ አብሮ አይመጣም፤ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ኢትዮፒክ ሰፕለመንታል ፎንትስ የሚለውን ስታወርዱ ይመለሳል።

ፕሪንተርና ስካነር በአጭሩ፤ የፕሪንተሩን ሞዴል ጽፋችሁ ለምትሄዱበት ዊንዶው 64 ቢት ድራይቨር (ዊንዶውን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) እንዳለው አምራቹ ገጽ ላይ ፈልጉ። ከሌለ ዊንዶው ስትቀይሩ ፕሪንተርም እየቀየራችሁ መሆኑን እወቁት።

ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላ ያለው ምርጫ ብዙ አይደለም።

ማሽኑ የሚያልፍና አክቲቬት የሆነ (ፈቃዱ የተረጋገጠ) ዊንዶው 10 ካለው፣ ወደ 11 በነፃ ነው የሚያልፈው፣ ፋይሉም ፕሮግራሙም እንዳለ ይቆያል። ሂዱበት። መልኩ ትንሽ ይለያል፣ ስታርት የሚለው መሀል ላይ ይቀመጣል፣ ከፈለጋችሁ ሴቲንግ ውስጥ ወደ ግራ ይመለሳል። ሰው በዚህ ሲማረር እሰማለሁ፣ በሳምንት ይለመዳል።

ማሽኑ የማያልፍ ዊንዶው 10 ከሆነ መጨነቅ አያስፈልግም። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 አዘጋጅቷል። ዊንዶው አፕዴት ገጽ ላይ ለመመዝገብ የሚጋብዝ ጽሑፍ ከመጣላችሁ ግቡበት፤ እትሙ 22ኤች2 መሆን አለበት፣ የማይክሮሶፍት አካውንትም ይጠይቃል፣ ሴቲንጋችሁን ከአካውንቱ ጋር ካገናኛችሁ ክፍያ የለውም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ዲፌንደር፣ ከዊንዶው ጋር የሚመጣው ፀረ ቫይረስ፣ የቫይረስ መለያውን እስከ እ.ኤ.አ. 2028 ድረስ ማግኘቱ አይቀርም። ዲፌንደር ግን የዊንዶውን ቀዳዳ አይደፍንም፣ የሚገባውን ነው የሚጠብቀው።

ሰባት ላይ ያለ፣ የማያልፍ፣ ግን ሥራ የሚሰራበት ማሽን ካላችሁ እኔ በኤስኤስዲ ዊንዶው 10 እላለሁ። ከሰባት ወደ አስር ፋይልን ሳያጠፉ ማለፍ ይቻላል፣ ሰባቱ 32 ቢት ሆኖ 64 ከፈለጋችሁ ግን ከዜሮ መጫን የግድ ነው። ከሰባት በቀጥታ ወደ 11 ፕሮግራሞችን ይዞ መዝለል የሚባል ነገር የለም።

"ማለፊያውን አታልለን 11 እንጭንበት" የሚሉ ልጆች አሉ። ይቻላል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ላለ ማሽን ማሻሻያ ለመላክ ቃል አልገባም፤ 24ኤች2 የሚባለው የ11 እትም ሲመጣም የኮር 2 ዱዎ ዘመን የሆኑ ማሽኖች ጭራሽ አልነሳ ብለው ቀርተዋል። ለመጫወቻ ማሽን ይሁን፣ ደመወዝ ለሚሰራበት አይሁን።

ሊኑክስስ? ኢንተርኔት ለማየት፣ ፒዲኤፍ ለማንበብ፣ ሪፖርት ለመጻፍ ለሚውል አሮጌ ላፕቶፕ ሊኑክስ ሚንት ነፃ ነው፣ ቀላልም ነው፣ 2 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ 4 ቢሆን ይመረጣል። ከሁሉ የምወድለት ሳትጭኑት ከፍላሽ አስነስታችሁ መሞከር መቻሉን ነው፤ ዋይፋዩ፣ ድምጹ፣ ፕሪንተሩ ይሰራ እንደሆነ ታዩና ካልተመቻችሁ ፍላሹን ነቅላችሁ ወደ ነበራችሁበት ትመለሳላችሁ። አማርኛም ይጻፍበታል። ፒችትሪና ፓወር ግዕዝ ግን የዊንዶው ናቸው፣ እሱን ተስፋ አድርጋችሁ አትግቡ።

ስለ ክራክ፣ ማለትም ሳይገዙ ስለሚጫነው ዊንዶው፣ አንድ ነገር ልበል፣ ዝም ብዬ ባልፈው ግብዝነት ይሆናል። እኛ ጋ አብዛኛው ዊንዶው ክራክ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሚያስፈራኝ አክቲቬተር ተብሎ በቴሌግራም የሚዞረው ነገር ነው። መጀመሪያ "ዲፌንደርን አጥፉ" ይላል። ጠባቂውን አሰናብቶ የገባ ነገር ምን ይዞ እንደገባ ማን ያያል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ከዚያ በፊት ግን ላፕቶፓችሁን ፈትሹ፣ ከውጭ የሚመጡ ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ሕጋዊው ቁልፍ ባዮሳቸው ውስጥ አለ። የዊንዶው 10 ቁልፍ ከሆነ፣ አብሮት የመጣውን ዓይነት፣ ሆም ከሆነ ሆም፣ ፕሮ ከሆነ ፕሮ ስትጭኑበት ኔት እንዳገኘ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ብዙ ሰው የራሱ ያለውን ትቶ ነው ክራክ የሚጭነው። በሰባት ቁልፍ አስርን አክቲቬት ማድረግ ግን መስከረም 2016 ላይ ተዘግቷል።

ቆርጣችሁ ከተነሳችሁ ጊዜውን ምረጡ። ሰኔ 30 በጀት የሚዘጋበት፣ ሐምሌ የግብር ወቅት ነው፤ የሒሳብ ማሽን በዚያ ሰሞን አይነካም። መምህራን ማርክ ከማስገባታችሁ በፊት ባለው ሳምንት አትሞክሩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መብራቱንም አስቡበት። ክረምት ላይ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር መብራት አብሮ ይሄዳል፣ ዊንዶው ግማሽ ላይ ሆኖ ዴስክቶፕ ከጠፋባችሁ መልሶ ላይነሳ ይችላል። ዩፒኤስ ተዋሱ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ቢያንስ አንድ ሰዓት እንደሚቆይ አስቀድማችሁ ፈትኑት፣ "100 ፐርሰንት" ብሎ ቻርጀሩ ሲነቀል ድርግም የሚለውን ባትሪ አትመኑ።

መጫኛው ከ5 ጊጋ በላይ ነው። በሞባይል ፓኬጅ ከማውረድ ዋይፋይ ካለበት ቦታ አንዴ 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ ማዘጋጀትና ለጓደኛም ማዋስ ይሻላል። ከማይክሮሶፍት ገጽ የወረደ ይሁን እንጂ "የተቀነሰ፣ ፈጣን እትም" እየተባለ የሚዞረውን አትቀበሉ። ከተጫነ በኋላ የስልክ ኔት የምትጠቀሙ ከሆነ ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብሩት፣ ያለዚያ ፓኬጁ ባንድ ምሽት ሙልጭ ይላል። ዋይፋይ ስታገኙ ግን ማሻሻያውን አውርዱ፣ የቀየራችሁት ለእሱ ነውና።

ፋይሉን ስትይዙ ዲ ውስጥ ያለውን ብቻ አትዩ። ሰዉ የሚረሳው ዴስክቶፕና ዶክዩመንትስ ሲ ውስጥ መሆናቸውን ነው። ዳውንሎድስም እዚያው ነው። ብሮውዘር ውስጥ የተቀመጡ ፓስወርዶችንም ጻፏቸው። ኮፒ ያደረጋችሁትን ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሌላ ማሽን ላይ ሰክታችሁ ጥቂት ፋይል ከፍታችሁ እዩ።

ከአስር ወደ 11 በማሻሻያ ካለፋችሁ ለ10 ቀን ወደ ነበራችሁበት የመመለስ ዕድል አለ፣ ሴቲንግ ውስጥ ሪከቨሪ የሚለው ጋ ጎ ባክ የሚል ቁልፍ ታገኛላችሁ። በዚያ 10 ቀን ውስጥ "በኋላ እሞክረዋለሁ" አይባልም። አንድ ደብዳቤ አትሙ፣ አንድ ነገር ስካን አድርጉ፣ የድሮውን የአማርኛ ፋይል ክፈቱ፣ የሒሳቡን ፕሮግራም ከፍታችሁ የዓመቱን ሪፖርት አውጡ። አንዱ እምቢ ካለና መፍትሔ ካልተገኘለት ቁልፉን ተጫኑት። ከ10 ቀን በኋላ ቁልፉ ይጠፋል፣ መመለስም በፎርማት ብቻ ይሆናል።